ያልወጣው ጌምና የእኛ ግምገማ

ማራገቢያዋ የምትነፋው ለማሽኑ እንጂ ለእኛ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጌም ቤቱን ያላየ ሰው ተመችቶን የተቀመጥን እንዳይመስለው ብዬ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ያውም በሚያዝያ፣ ያውም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሃያ ጎረምሳ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣብቆ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ያቺ አንዲት ማራገቢያ ጀርባዋን ሰጥታን ማጫወቻውን ታቀዘቅዝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ወደ እኛ ቢያዞራት ባለቤቱ በያዙት ዘንግ ጉልበቱን አሉት። «ሰው ቢታመም ጤና ጣቢያ አለለት፤ ማሽን ቢታመም ማን አለው?» አሉ። ልጁ ሳምንት አነከሰ፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ ሳቅንበት። እንዲህ ዓይነት ልጆች ነበርን፤ ቸር ነበርን ብዬ አልዋሽም።

ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ቀበሌ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ በመጨረሻ በግምገማ ተባርረው፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከእናቴ ምግብ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ጌም ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ሥራው ለቀቃቸው እንጂ ግምገማው አልለቀቃቸውም። ያኔ መቼም የማይገመገም ነገር አልነበረም፤ ቢሮው ይገመገማል፣ መምህሩ ይገመገማል፣ እድሩ ሳይቀር ይገመገማል። ጋሼ ደግሞ ጌም ቤት ውስጥ አስገቡት። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ይጠፋል፣ እኛ አግዳሚው ላይ እንደረደራለን፣ እሳቸው ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ፊት ለፊታችን ይቀመጣሉ። ጆይስቲክ የወረወረ፣ ቴሌቪዥን በጥፊ የመታ፣ የሰው እናት የሰደበ፣ ሁሉም በተራው ይነሳል። መጀመሪያ ግለ ሂስ ነው፤ ራስህን ትከሳለህ። ቀጥሎ ሂስ ነው፤ ሌላው ይከስሃል። በመጨረሻ «ሂሴን ውጫለሁ» ትልና ትቀመጣለህ። ያልዋጠ ሳምንት ጌም ቤቱ ደጃፍ አይደርስም።

ብልጥ ሰው ለግለ ሂስ አንዲት ሚጢጢ ጥፋት አዘጋጅቶ ይመጣል። የእኔ «ሰዓት አላከብርም» ነበረች። ሮቢት ውስጥ ደግሞ ማን ሰዓት ያከብራል? ያቺ ጥፋት ዓመቱን ሙሉ አገለገለችኝ፤ ትምህርት ቤትም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ ጌም ቤትም እሷኑ ይዤ እነሳለሁ። ጋሼ «በሚቀጥለው አሻሽል» ይላሉ፣ እኔም «አሻሽላለሁ» እላለሁ፣ አለቀ።

አሁን ጓደኛዬን ላምጣ። የቆላ ልጅ ነው፤ ቀዬው ከሮቢት በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አባቱ ማሽላና ማሾ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ ሲገባ እናቴ ከምግብ ቤቷ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል አከራየችው፤ በዚያው ተዋወቅን። እናቴን «እትዬ» እያለ፣ ሳትጠይቀው በርሜሏን ውኃ እየሞላ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ልጇ መሰለ። «አየኸው? ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ትለኛለች፣ ያውም ከደብረ ሲና ወርዶ ጃኬቱን እያወለቀ ምሳ በሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ ፊት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል ትንሽ ትንሽ የጠላሁት። ጓደኛዬም ነበር፤ እወደውም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጌም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ጆይስቲኩን ገልብጦ ይዞት ጌም ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። «በሬ አይደለም፣ ቀስ ብለህ ንዳው!» እያልኩ ከሁሉም ይልቅ ያሾፍኩበት እኔው ነኝ። እሱ አብሮን ይስቃል። በሦስት ወሩ ግን የማይበገር ሆነ። የቤቱ ሕግ ተሸናፊ ይነሳል ነው፤ ያሸነፈ ቁጭ እንዳለ ይቆያል። እኔ ለሁለት ዓመት ከዚያች መቀመጫ ያልተነሳሁ ሰው፣ በየቀኑ መነሳት ጀመርኩ። ያስነሳኝ ሰው ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል «ወላሂ እድል ነው» ይለኛል። ንቆኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የጋሼ እህት ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ ተምሮ የተመለሰ፣ ገበያ ላይ ያልወጣ ጌም የሚሞክር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ለአንድ ሳምንት አጎቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ምንም ሥዕል በሌለው ጥቁር ልባስ ውስጥ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ ነበር።

«ይሄ ጌም ገና አልወጣም። በዓለም ላይ የነካው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ለማንም እንዳታወሩ» አለን።

ሳይመሽ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ስለ ጌሙ ይጠይቁን ነበር።

ከሃያዎቻችን አንዱ ታዲያ አዲስ አበባ ያን ሁሉ ሰው ትተህ ለምን እኛን ብሎ ጠየቀው። «አዲስ አበባ ያሉት ብዙ ያውቃሉ። እኔ የምፈልገው ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ከእናንተ የተሻለ የት አገኛለሁ?» አለ። እኛም በኩራት ደረታችንን ነፋን። ስድብ መሆኑ የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው።

ጌሙ የቡድን ፍልሚያ ነው፤ ሦስት ለሦስት። አንዱ ይገጥማል፣ ሁለቱ ከኋላ ይጠብቃሉ። የፊተኛው ሲወድቅ ሁለተኛው ይገባል። በፍልሚያው መሃል ደግሞ አንዷን ቁልፍ ከተጫንክ ከኋላ ያለው ጓደኛህ ዘሎ ገብቶ አንዴ መትቶልህ ይወጣል። ጋሼ ሁለት ቡድን መረጡ። አንዱ የጋራዥ ልጆች ናቸው፣ እጃቸው ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ ሦስት ለማጆች። ሌላው እኔ፣ ጓደኛዬና የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ልጅ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ወፍራም፣ ደግ፣ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ሁልጊዜ የሚስማማ ልጅ ነው። ሁለታችን ቀድመን ቆንጆ ቆንጆውን ተፋላሚ መረጥን። ለጓደኛዬ የተረፈው ሠሪዎቹ ገና ያልጨረሱት ነበር፤ ከእግር እስከ ራሱ አመድማ፣ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ሲመታ እንኳን ድምፅ የማያወጣ። «አመዶ» አልነው። «የአመዶ ጌታ መጣ!» እያልን ጓደኛዬንም ተሳለቅንበት። እሱ ግን ወደደው። «ፊት ስለሌለው ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅበትም» አለኝ።

ሲዲውን ያመጣው ሰውዬ ከኋላችን ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። «የማትረሱት ነገር፣ ማሸነፋችሁ ለእኔ ምንም አይደለም። የምፈልገው ጌሙ የሚበላሽበትን ቦታ ነው። ያያችሁትን ጉድለት ሁሉ ንገሩኝ። ጉድለት አይቶ የደበቀኝ፣ ከሰረቀኝ ቁጥር ነው» አለ። ቀጥሎም ሁላችንንም ያፈዘዘንን ነገር ተናገረ። መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ጌም የሚሞክር አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ደመወዝም ማደሪያም አለው። እሑድ ሲመለስ ከሁለቱ ቡድን አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል። ጋሼ ወዲያው «ምርጫው ቅዳሜ በግምገማ ይሆናል!» ብለው ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። ሰውዬው ሳቀ፣ ግን እሺ አለ።

በማግስቱ ረቡዕ ጓደኛዬ ሮቢ ወንዝ ዳር ልብሱን እያጠበ ነገሩን አጫወተኝ። አባቱ ዘንድ ደላላ መጥቷል። እሱንና ሁለት ዓመት የሚያንሰውን ወንድሙን በጅቡቲ፣ በባሕር አድርጎ ዐረብ አገር ሊያሻግር ተነጋግረዋል። ወንድሙን አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ የማሽላ ቂጣ በአህያ ጭኖ የሚያመጣለት ልጅ ነው። አባትየው ያሉት ቃል አንድ ነው፤ ትልቁ እዚሁ አገር ሥራ ካገኘ ትንሹ ይማራል፣ ካላገኘ ረመዳን ሳይገባ ሁለቱም ይሄዳሉ።

«እኔስ ግድ የለኝም። እሱ ግን ዋና እንኳን አይችልም» አለኝ።

«ምን ያስፈራሃል? ከአንተ ሌላ ማንን ይወስዳል?» አልኩት። ስናገር ከልቤ ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰውዬው ስልክ ሊደውል ወጣ ብሎ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ ጓደኛዬ ጌሙ የሚበላሽበትን ቦታ አገኘ። አመዶ ሊሞት አንድ ምት ሲቀረው፣ ጓደኛ የሚጠራውን ቁልፍና ማጎንበሻውን በአንድ ቅጽበት ከተጫንክ፣ ባላጋራህ ባለበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። እጁን አይሰነዝር፣ አይሸሽ፤ እንደፈለግክ ትደበድበዋለህ። «ማደንዘዣ» አልነው። እኔ ሃያ ጊዜ ሞክሬ አንድም ጊዜ አልሆነልኝም፤ እሱ በሞከረ ቁጥር ይሆንለታል። አውራ ጣቱ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እንኳን አይመችም።

«ሰውዬውን ልጥራው» ብሎ ተነሳ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

«አብደሃል? ነገ ከጋራዦቹ ጋር እንገጥማለን። መጀመሪያ እናሸንፍበትና ከዚያ ትነግረዋለህ።»

«የደበቀ ከሰረቀ ቁጥር ነው አላለም?»

«አንድ ቀን ማዘግየት መደበቅ ነው እንዴ? ስታሸንፍ አይቶህ ስትነግረው ይበልጥ ይደሰታል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ።»

ሰውዬውን የማውቀው ከሁለት ቀን ወዲህ ነበር። ጓደኛዬ ግን አመነኝ፤ የከተማ ነገር ሁሉ ለእሱ በእኔ አፍ ነበር የሚገባው። ያኔ ለእሱ ብዬ ነው የመከርኩት ማለት እችላለሁ፤ ማንም አይመሰክርብኝም። ውሸት ነው። ያን ቀን ጠዋት ሰውዬው የጓደኛዬን ትከሻ መታ አድርጎ «ይሄ ልጅ እጅ አለው» ሲለው ሰምቻለሁ። እኔን በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራው አያስፈልገኝም ነበር፤ እናቴ ምግብ ቤት አላት፣ የሚያሻግረኝም ደላላ የለም። ዝም ብዬ ቀናሁ። ከዚህ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ዓርብ ጓደኛዬ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ገጠምን። እኔ ገባሁ፣ ተደብድቤ ወጣሁ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ገባ፣ እሱም ወደቀ። ሦስቱም ጋራዦች ቆመው አመዶ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ማደንዘዣው መጣ፤ አንደኛው ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ፣ ሦስተኛው እንደ ግንድ ደርቆ ቆሞ ተቀጠቀጠ። ጩኸቱ እናቴን ከማእድ ቤት አስወጥቷታል። ሰውዬው ግን ቅንድቡን ሰብስቦ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ፣ በመዳፉ ዳሰሰው። «ምንድነው እንዲህ የሚደርቀው? ሙቀቱ ነው መሰለኝ» አለ። ጓደኛዬ አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። በነጠላ ጫማ ነበር፣ እኔ ሸራ ጫማ አድርጌያለሁ፤ ጥፍሩ ሲጠቁር በማግስቱ አይቻለሁ። አፉን መልሶ ገጠመ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ መጥቶ የእኔንና የእናቴን ክፍል በር አንኳኳ። «ዛሬ በግለ ሂሱ ላይ ራሴ እናገራለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ እውነት ተናግረህ እመሸበት እደር ይላል» አለኝ። እኔም «ጥሩ ነው» አልኩት። ወዲያው ግን አሰብኩ። ራሱ ከተናገረ እኮ አለቀ፤ ትልቁን ጉድለት ያገኘውም እሱ፣ በግልጽ የነገረውም እሱ ይሆናል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ጠፋ። ማራገቢያዋ ጠፋች። ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጥተዋል፤ ለዚህ ቀን እንጂ ለሠርግ እንኳን እንዲህ አይለብሱም። የእህታቸው ልጅ ጎናቸው ተቀምጦ በደብተሩ ራሱን ያራግባል። የጋራዥ ልጆች ሦስቱም ተነስተው ጆይስቲክ በግራሶ ማቆሸሻቸውን አምነው፣ ሂሳቸውን ውጠው ተቀመጡ። የእኛ ቡድን ተጠራ።

ቀድሜ ተነሳሁ። «በእኔ በኩል ያለው ድክመት ሰዓት አለማክበር ነው። አሻሽላለሁ» አልኩ።

የሥጋ ቤቱ ልጅ ተነሳ። «እኔም ሰዓት አላከብርም» አለ። ሰው ሳቀ። ጋሼ ዘንጋቸውን አሳዩና ጸጥ አለ።

ጓደኛዬ ከአግዳሚው ብድግ ማለት ሲጀምር እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ እሱ ከመናገሩ በፊት ሂስ አለኝ።»

ሥርዓቱ ይህ አይደለም፤ ግለ ሂስ ሳያልቅ ሂስ አይመጣም። ጋሼ ግን ሂስ ሲሰሙ እንደ ድመት ጆሯቸው ይቆማል። «መድረኩ ያንተ ነው» አሉኝ። ጓደኛዬ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ። ሊያግዘኝ ነው ብሎ አስቦ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ጓዳችን ከሐሙስ ጀምሮ በጌሙ ውስጥ ትልቅ ጉድለት አግኝቶ ደብቆናል። ትናንት ያሸነፈውም በዚያ ነው። እንግዳችን ሙቀት ነው ሲል እየሰማ ዝም ብሏል። ይህ ለቡድናችን አሳፋሪ ነው» አልኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። የትምህርት ቤት ግምገማ ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ ለዚህ ይጠቅማል።

የሥጋ ቤቱ ልጅ ወዲያው «የጓዴን ሐሳብ እደግፋለሁ» አለ። ስለ ማደንዘዣው ምንም አያውቅም ነበር።

ጋሼ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሌላ የሚያውቅ ነበር?»

አየኝ። እኔም አየሁት። ረዥም ጊዜ ነው ያየኝ፤ ሰው ሁሉ እስኪቁነጠነጥ። ከዚያ «ማንም አያውቅም» አለ። «ሂሴን ውጫለሁ።»

ሰውዬው ማሽኑን አስከፈተና እስቲ አሳየኝ አለው። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጦ ጆይስቲኩን ያዘ። በመጀመሪያው ሙከራ ባላጋራው ደረቀ። ሰውዬው ደጋግሞ አስደረገው፣ ገጽ ሙሉ ጻፈ፣ «በአራት ቀን ውስጥ የተገኘ ትልቁ ነገር ይሄ ነው» አለ። ለአፍታ ጓደኛዬ ቀና አለ፤ ዓይኑ በራ። ያኔ ሰውዬው ደብተሩን ከደነ። «ምን ያደርጋል፣ የሚደብቅ ሰው ለእኔ ሥራ አይሆንም» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የምትሄደው። ነገ ጠዋት ተዘጋጅ።» ጋሼ አጨበጨቡ፣ እኛም ሁላችን አጨበጨብን። ጓደኛዬም አጨበጨበ፤ ግምገማ ላይ ያላጨበጨበ ተጨማሪ ሂስ ይወርድበታል።

በማግስቱ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው። እናቴ አዝዛው ነው፤ ምንም አላወቀችም። ሻንጣውን አስቀምጦ ጣቱ ወደ ጠቆረው እግሩ አየት አደረገና ሄደ።

አዲስ አበባ በገባሁ በአራተኛው ቀን ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ሰበሰበና ማደንዘዣውን አሳያቸው አለኝ። ሞከርኩ። ደግሜ ሞከርኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ሞከርኩ፤ አውራ ጣቴ ውኃ ቋጠረ፣ አመዶ ተደብድቦ ተደብድቦ ሞተ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሰውዬው ጺሙን እየነካካ «ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ያኛውን ልጅ ነበር ማምጣት የነበረብኝ። የደበቀውም ልጅነት ይሆናል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለሁለታችሁም ቦታ አይጠፋም። ደውልለትና ይምጣ።»

የእናቴ ምግብ ቤት ስልክ አላት። እሱ የሚኖረው ጓሮው ውስጥ ነው። አንዲት ጥሪ ነበረች፤ «እማዬ፣ አቅርቢልኝ» ማለት ብቻ።

«ሄዷል። ዐረብ አገር ሄዷል» አልኩት።

የሄደው ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ በደወለች ቁጥር «ሰላም ብሎሃል፣ ውኃ እየቀዳልኝ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም በእኔ በኩል ሰላም በይልኝ እላታለሁ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ብቻ «ያ ልጅ ወሬው የለም?» ብሎ ጠይቆኛል። የለም አልኩት።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ስልክ ላይ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጀልባዋ ባሕሩን ሳትጨርስ ሰውን አራግፋዋለች። ትልቁ ወጥቷል፤ ትንሹ አልወጣም። «ያ ቂጣ የሚያመጣው ልጅ! ምን በደለ? ምን አባቱ አደረገ?» ትላለች። እኔ ስልኩን ይዤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጌም ሥዕል አያለሁ። ዋና እንኳን አይችልም ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? ይህንንም እጽፋለሁ፤ ያን ቀን ማታ እራቴን በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁም።

ጌሙ በዓመቱ ገበያ ላይ ወጣ። አመዶ ፊት ወጥቶለታል፤ ጺም ያለው መልከ መልካም ሰው ሆኗል፣ ሲመታም ይጮኻል። ማደንዘዣው ተዘግቷል። መጨረሻ ላይ የሞካሪዎቹ ስም ይወርዳል፤ የእኔም አለበት። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ከዚያ ዘጋሁት።

ሮቢት የተመለስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የእናቴ ጉልበት አልታዘዝ ብሏት ልጠይቃት ነው። ጌም ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ጋሼ አርፈዋል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ሽንኩርት በሚጫንበት ቦታ ላይ ጓደኛዬን አየሁት። ዐረብ አገር ታስሮ፣ ተጠርዞ ከመጣ ዓመት አልፎታል አለችኝ እናቴ። ጆንያ እየተሸከመ አይሱዙ ላይ ይጭናል። ሰውነቱ ሰፍቷል፤ ፊቱ ግን ያው ነው። ልመለስ አስቤ ነበር፤ ቀድሞ አየኝ።

«መጣህ?» አለኝ። ትናንት የተለያየን ይመስል። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ጨበጠኝ።

ስለ ወንድሙ መስማቴን ነገርኩት። «አላህ ይዘንለት» አለ። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀኝ። መቼም ምላስ አጥንት የለውም፣ ዓመታት ስብሰለሰልበት የኖርኩት ነገር አምልጦኝ ወጣ። «ያን ቀን ለምን ስሜን አልጠራህም? መደበቁን የመከርኩህ እኔ እንደሆንኩ ለምን አልተናገርክም?»

«ራስህ ትነሳለህ ብዬ ጠበቅሁህ» አለኝ።

ላቡን ከግንባሩ ጠረገ። ከኋላው ያሉት ጫኞች ሥራ አቁመው ያዩን ጀመር። ትንሽ ፈገግ ብሎ፣ የድሮውን የጋሼን ድምፅ አስመስሎ ጠየቀኝ። «ለመሆኑ ያን ቀን ግለ ሂስ ስታደርግ ምን ነበር ያልከው?»

«ሰዓት አላከብርም።»

«ከዚያ ወዲህስ ሌላ ጥፋት የለብህም? መድረኩ ያንተ ነው።»

አልሳቀም። ጠበቀ። ልክ እንደዚያን ቀን ረዥም ጊዜ ነው ያየኝ። ሦስቱ ሳምንት ምላሴ ላይ መጡ። ደውልለት ተብዬ እንደነበር፣ እሱ በርሜል ሲሞላ እኔ ሄዷል እንዳልኩ፣ ወንድሙ ያኔ ገና እዚህ፣ በዚህ መንገድ ላይ አህያ እየነዳ እንደነበር። ይህን ከእኔ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አፌን ከፈትኩ።

«ያው ነው። አሁንም ሰዓት አላከብርም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ በሚቀጥለው አሻሽል» አለና ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣ። መኪናው ላይ ከቆሙት አንዱ «ማነው እሱ?» ሲለው ሰማሁ።

«የእትዬ ልጅ ነው» አለው።